ፊቴን ሊያስፈታኝ የተነሣው ፎቶ አንሺ

በዓለም ላይ ካሉ ግፈኞች ሁሉ የከፋው ጉልበተኛው አይደለም፤ «ፈገግ በል!» እያለ የሚያዝዘው ነው። ጉልበተኛ የሚፈልገው እጅህን ወይም ጀርባህን ነው። ይኸኛው ግን ፊትህን ይፈልጋል፤ ፊትህን ካገኘ በኋላ ደግሞ ልብህንም ጨምርልኝ ይላል። እንዲህ ያለ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየሰፈሩ፣ በየዘመድ አዝማዱ አንድ አይጠፋም። ለእኛ ሕንፃ የደረሰን ምድር ቤት ያለው ፎቶ አንሺ ነው።

ክቡር የጥርስ ሚኒስትር እላቸዋለሁ። ሹመቱ የእኔ ነው። ክቡርነታቸው ከጠዋት እስከ ማታ የሚሰብኩት አንድ ስብከት አላቸው፤ «ፊት ከሳቀ ልብ ወዴት ይሄዳል? ተከትሎ ይመጣል!» እኔ ደግሞ አርባ ዓመት ፍልስፍና ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ምክንያትና ውጤት ቦታ ተለዋውጠው ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም። ልብ ሲደሰት ፊት ይስቃል እንጂ፣ ፊት ስለሳቀ ልብ ይደሰታል ማለት ጥላውን ጎትቼ ዛፉን አመጣለሁ እንደ ማለት ነው። ይህንን አንድ ቀን ደረጃው ላይ ቆሜ በሰፊው አስረዳኋቸው። እስከ መጨረሻው በጥሞና አዳመጡኝና፣ «ጋሼ፣ ሲያስረዱ ግንባርዎ ይታጠፋል። እሱን ትንሽ ለቀቅ ቢያደርጉት» አሉኝ።

የመታወቂያ ፎቶ አፍ ተገጥሞ መነሣት እንዳለበት ሕፃን ያውቃል። እሳቸውም ያውቃሉ፤ ማስታወቂያው ግድግዳቸው ላይ ተለጥፏል። ነገር ግን ጥርስ ካላዩ ጣታቸው አይታዘዝላቸውም። ስለዚህ ግማሹ የሰፈር ሰው ፎቶው እየተመለሰበት ሁለት ሁለት ጊዜ ይነሣል። ከሕንፃችን ታክሲ የሚነዳው ጎረምሳ መንጃ ፈቃድ ላይ የወጣው ፎቶ በምን ተአምር እንዳለፈ እንጃ፣ እስከ መንጋጋው ያሳያል። ቀይ መብራት ጥሶ ሲያዝ ትራፊክ ፖሊሱ መንጃ ፈቃዱን ገለጥ አድርጎ፣ «ጭራሽ ትስቅብኛለህ?» አለው።

«ኧረ እኔ አይደለሁም ጌታዬ፣ ፎቶው ነው!»

ቅጣቱ አልቀረለትም። ግን ፖሊሱም ሳይወድ ሳቀ አሉ። ክቡርነታቸው ይህንን የሰሙ ዕለት የጦር ግንባር ድል የሰሙ ያህል ነበር ያደረጋቸው።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ለፍቺ ወረቀት ጉርድ ፎቶ የሚያስፈልጋቸው ባልና ሚስት መጡ። ሚስትየዋ ፊቷን አጥቁራ ተቀመጠች። ክቡርነታቸው ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ባልየውን ከካሜራው ጀርባ አቆሙና፣ «አሥራ ሁለት ዓመት አብረሃት ኖረሃል፤ የሚያስቃትን አንድ ነገር አታጣም» አሉት። ሰውየው ጥቂት አሰበና የአማቱን ማስነጠስ አስመስሎ አስነጠሰ። አማቱ የሚስትየዋ የገዛ እናት ናትና፣ ሚስትየዋ በሳቅ ከወንበሩ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። ታረቁ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። ተፋቱ። የመዝገብ ቤቷ ጸሐፊ ግን፣ «ወረቀታቸው የሠርግ ጥሪ ይመስላል» ብላ ነግራኛለች።

እንግዲህ የእኔ ተራ ደረሰ። የጡረታ መታወቂያዬ ሊታደስ ስለሆነ ጉርድ ፎቶ ያስፈልገኝ ነበር። ጊዜውም ክፉ ጊዜ ነበር። ሦስተኛ ፎቅ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ቤቱን ለቅቆ ሩቅ ከተማ ያለች ልጁ ዘንድ ሊኖር ቅዳሜ ይሄዳል። እኔ ሰባ ስምንት፣ እሱ ሰባ አራት ነን። በዚህ ዕድሜ የሄደ አይመለስም፤ የቀረም አይጠብቅም። ሆኖም አራት ዓመት ሙሉ ደረጃው ላይ ስንገናኝ እኔ ግድግዳውን፣ እሱ ጫማውን እያየን ነው የምንተላለፈው። ምክንያቱም ፈገግታ ነው። ባለቤቴን በቀበርንበት ዕለት፣ አፈሩ ሲመለስ ቀና ብል ወንድሜ ከጉድጓዱ ማዶ ቆሞ ፈገግ ብሏል። በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ። ከዚያ ወዲያ አላናገርኩትም፤ እሱም ለምን ብሎ አልጠየቀኝም።

ይህንን ሆዴ ውስጥ ይዤ ነው ፎቶ ቤቱ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት።

«ጋሼ፣ ፊትዎን ይፍቱት።»

«ፊቴ አልታሰረም።»

«ጥርስ የተፈጠረው ለምንድን ነው?»

«ለማኘክ።»

«ለማኘክማ መንጋጋ አለ። የፊተኞቹ ለሰው ናቸው።»

«አንተ ሰውዬ፣ አንሣኝና ልሂድበት!»

አነሡኝ። ከዚያ ካሜራውን ዝቅ አድርገው እንደ ሕመምተኛ እያሻሹ፣ «አይዞህ፣ አለፈ» አሉት።

በማግስቱ «ጋሼ፣ አንደኛ ፎቅ» የሚል ፖስታ በራፌ ሥር ተሸጉጦ አገኘሁ። ስከፍተው የወጣው ወንድሜ ነው፤ አራት ጊዜ። እሱም ለአዲሱ የነዋሪነት መታወቂያው ተነሥቶ ኖሯል። ክቡርነታቸው ዕድሜው የገፋውን ሁሉ «ጋሼ» ይላሉ እንጂ ስም መጻፍ አያውቁም፤ እኔና ወንድሜ ደግሞ አንድ አፍንጫ የተካፈልን ሰዎች ነን። የእሱን ለእኔ፣ የእኔን ለእሱ አድርሰዋል። ፎቶው ላይ ፈገግ ብሏል። ያችው የቀብሩ ዕለት ፈገግታ ናት። ደሜ ፈላ። ከዘራዬን ይዤ ወረድኩ።

«አቀያይረሃል!»

አዩና ግንባራቸውን መቱ። «ይቅርታ ጋሼ፣ ስጣደፍ ነው። አምጡት፣ እኔው አደርስላቸዋለሁ።»

«ደግሞ ይህንን ሰው ምን ብለህ ነው እንዲህ ያስገለፈጥከው?»

«እኔ?» አሉ። «በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰውን አፍዎን ይግጠሙ ያልኩት እሳቸውን ነው።» ፎቶውን ወደ መብራቱ አስጠጉት። «ይህ እኮ ሳቅ አይደለም። አገጫቸው ጋ ደብዘዝ ያለው ይታይዎታል? እየተንቀጠቀጠ ነው። ሦስት ጊዜ አነሣኋቸው፤ ሦስቱም እንዲሁ። ማንን ተሰናበቱ ብዬ ብጠይቃቸው ጭራሽ ባሰባቸው። አፋቸው ይስቃል፣ ዓይናቸው ሞልቷል። አንዳንድ ሰው ለቅሶ ሲመጣበት ነው የሚስቀው። ጥርስ ባዳ ነው ሲባል አልሰሙም?»

ሰምቻለሁ። ሆድ እያለቀሰ ጥርስ ይስቃል ለማለት እናቴ ነበረች የምትለው፤ ያውም ስለዚሁ ልጇ። ልጆች ሳለን አባባ ሲቆጣው ፈገግ እያለ ዱላው እጥፍ ይሆንበት ነበር። «ፈርቶ ነው፣ እየሳቀብህ አይደለም!» እያልኩ መሀል የምገባው እኔ ነበርኩ። አርባ ዓመት ስለ ምክንያትና ውጤት ሳስተምር ኖሬ፣ መቃብሩ አፋፍ ላይ የአባባን ቦታ ይዤ ቆምኩ።

«እንግዲያው ስብከትህ ሐሰት ነው» አልኳቸው። «ፊት ሲስቅ ልብ አልተከተለም።»

«ሁልጊዜማ አይሠራም» አሉ ትከሻቸውን ነቅነቅ አድርገው። «የሐኪም መድኃኒትስ ሁልጊዜ ይሠራል እንዴ?»

ፖስታውን ሊቀበሉኝ እጃቸውን ዘረጉ። አልሰጠኋቸውም። እኚህን ሰው ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ፊቴ ቢያማቸው አፉን አዘጋዋለሁ፤ እሳቸውን ማማት የእኔ ብቻ መብት ነው።

ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ ትንፋሼ ተቆራርጧል። ፊቴ ምን ይመስል እንደነበር መገመት አያቅትም። ወንድሜ በሩን ከፈተ፣ አየኝ፣ ፈገግ አለ።

ፈርቶኛል። ሰባ አራት ዓመቱ ነው፤ ፈርቶኛል።

«ፖስታው ተቀያይሮ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ። ያንተ እኔ ጋ ነው። ከጠዋት ጀምሮ በምን ላድርስለት እያልኩ ቁጭ ብያለሁ።»

«በደረጃው ነዋ።»

«ደረጃውማ አለ» አለና አገጩ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«አልቅስ በቃ» አልኩት። «እኔ ነኝ እኮ።»

የባለቤቴን ለቅሶ ከአራት ዓመት በኋላ፣ ካርቶንና ገመድ በሞላበት ሳሎን ተቀምጠን አለቀስን። ስነሣ ፎቶዬን ጠየቅኩት።

«አልሰጥህም» አለ አፍንጫውን እየጠረገ። «ስትኮሳተር ቁርጥ አባባን ነው። እዚያ ሄጄ ደግሞ የሚቆጣኝ ሰው ያስፈልገኛል።»

አራቱንም ይዞ ቅዳሜ ሄደ። መኪናው ሲንቀሳቀስ እኔ እጄን አንሥቼ በክብር ቆሜያለሁ። ከአጠገቤ ግን አንድ የሚያሳፍር ድምፅ ሰማሁ። ክቡር የጥርስ ሚኒስትር የሱቃቸው በር ላይ ቆመው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አላፊ አግዳሚው እያየ፣ ስቅስቅ ብለው ያለቅሳሉ።

«ወንድሙ አንተ ነህ ወይስ እኔ?» ብዬ ጮህኩባቸው።

«እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ» አሉኝ በሳግ መሀል።

መሀረቤን ሰጠኋቸው። እስካሁን አልመለሱልኝም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም።