ከተንጠለጠሉ ያድጋሉ

(ልብስ ስፌት ቤት። አርባ ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ሳይጠየቅ የሚመልሰው ሁሉአወቅ ከጣሪያው አግዳሚ እንጨት ላይ ተንጠልጥሏል። ነገ ሆቴል ውስጥ በበር ከፋችነት ሊቀጠር ነው፤ ቁመቱ አንድ ሜትር ከሰባ ከሞላ። ካልሞላ እህቱ «ሻንጣህን ይዘህ ውጣልኝ» ብላዋለች። የእህቱ ባል ሰፊው ከሥሩ ተቀምጦ መርፌው ውስጥ ክር ለማስገባት ይታገላል፤ ምስኪን፣ ነገር አይገባውም ይሉታል።)

ሁሉአወቅ፦ አድጌያለሁ አልኩህ፣ አድጌያለሁ!

ሰፊው፦ በዚህ ዕድሜህ? እኔ የሰማሁት ሰው ከሃያ በኋላ የሚያድገው ወደ ጎን ነው ሲባል ነው።

ሁሉአወቅ፦ እሱ ተንጠልጥሎ ለማያውቅ ነው! ሁለት ወር ጠዋት ማታ የተንጠለጠልኩት ለጌጥ መሰለህ?

ሰፊው፦ እስቲ በሩ ላይ ያሰመርነው ምልክት ጋ ቁም።

ሁሉአወቅ፦ (ወርዶ ይቆማል። አናቱ ከድሮው ምልክት ንቅንቅ አላለም።) ወለሉ ሰምጧል!

ሰፊው፦ ሲሚንቶው?

ሁሉአወቅ፦ ሰው ይመላለስበት የለ እንዴ!

ሰፊው፦ እሺ፣ የሸሚዝህ እጅጌስ ለምን አላጠረም?

ሁሉአወቅ፦ እጅ የሚያድገው መጨረሻ ላይ ነው።

ሰፊው፦ የተንጠለጠልከው በእጅህ አይደል? መጀመሪያ መርዘም የነበረበት እሱ ነው።

ሁሉአወቅ፦ ኤጭ! አንተ ስለ ቁመት ምን ታውቃለህ? (ሆቴሉ ለልክ የሰጠውን የሥራ ሱሪ ከመስቀያው አውርዶ ይለብሳል።) ይኸው ማስረጃ! ከሁለት ወር በፊት ስሞክረው መሬት ይጠርግ ነበር። አሁንስ?

ሰፊው፦ ቁርጭምጭሚትህ ላይ ልክ ሆኗል።

ሁሉአወቅ፦ ታዲያ ማን አደገ?

ሰፊው፦ ሱሪውስ አላደገም።

ሁሉአወቅ፦ በቃ! ነገ ሥራ አስኪያጁ ፊት ቆሜ «ሜትር አምጡና ለኩኝ» ነው የምለው!

ሰፊው፦ (መርፌው ጣቱን ይወጋዋል።) ኧረ በእናትህ! ሜትር የሚባል ነገር እንዳታነሳ!

ሁሉአወቅ፦ ለምን?

ሰፊው፦ ሥራ አስኪያጁን ጠይቄዋለሁ። የቀድሞው በር ከፋች ጥሎት የሄደው ሱሪ የተሰፋው ቁመቱ አንድ ሜትር ከሰባ ለሆነ ሰው ነው። «ሌላ አናሰፋም፣ ሱሪው ልኩ የሆነ ይቀጠራል» አለኝ።

ሁሉአወቅ፦ እና?

ሰፊው፦ ሱሪ አንዴ ከተቆረጠ አይመለስም ብዬ፣ በየቅዳሜው ትንሽ ትንሽ እያጠፍኩ አሳጠርኩታ።

(ሁሉአወቅ አግዳሚውን ያያል፣ ሱሪውን ያያል፣ የተላጠ መዳፉን ያያል።)

ሁሉአወቅ፦ ታዲያ ሁለት ወር ሙሉ እዚያ ላይ ስሰቀል ለምን ዝም አልከኝ?

ሰፊው፦ ልነግርህ አፌን በከፈትኩ ቁጥር «አንተ ስለ ቁመት ምን ታውቃለህ?» ትለኛለህ። እውነትህን ነው፤ እኔ የማውቀው ስለ ሱሪ ብቻ ነው።