የበግ ለምድ የለበሰ በግ

ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ይባላል። መካነ ኢየሱስ ከተማ ስማር መምህራችንም እንስሳ ለገዛ ደሙ ያደላል እንጂ ለባዕድ አይለፋም ብለውን ነበር። ምክንያቱን ሳይነግሩን እኔ ተዳርኩ። የቀረውን ያስተማረችኝ በግ ናት።

ከተዳርኩ በኋላ በአንድ ክረምት አንዷ በጋችን ግልገሏ ሞተባት፤ ሌላዋ ደግሞ ግልገሏን ጥላ ሞተች። እናት የሌለውን ግልገል ልጅ ለሌላት ብንሰጥ አበቃ፣ ትሉ ይሆናል። በግ ግን ታሸታለች። አሸተተችውና በግንባሯ ገፍትራ ጣለችው። ባለቤቴ የሞተውን ግልገል ቆዳ ገፎ እናቱ ለሞተችበት ግልገል አለበሰው። ደግማ አሸተተች፤ እንዲጠባት ቆመችለት። ወንጌል የበግ ለምድ ከለበሰ ተኩላ ተጠበቁ ይላል፤ የበግ ለምድ ስለለበሰ በግ ግን ምንም አይል።

ይህን ሁሉ የማየው ከደጃፍ ተቀምጬ ነው። ሴት ልጄን ከቀበርኩ ገና ሰሞኑን ነበር። ጡቴ ግን መሞቷን አልሰማም፤ ቀሚሴን ያረጥበዋል።

ወዲያው ከስማዳ ተድራ የመጣች ጎረቤታችን፣ ባሏን ቀብራ የቀረች፣ ወንድ ልጅ ተገላግላ ሞተች። ስማዳ ላለው ወንድሟ መልእክት ቢላክለት «ወንዙ ሞልቷል» አለ። እውነትም ሞልቶ ነበር። ወንዙ ጎደለ፤ እሱ አልመጣም።

አማቴ ሕፃኑን በልጄ ማቀፊያ ጠቅልለው አመጡልኝ።

«እማማ፣ እኔ በግ ነኝ?»

«በግስ ቆመችለት፣ ልጄ!»

ማቀፊያውን አሸተትኩ። ወተቱ እኔን ሳይጠይቅ ወረደ።

ግልገሉ የለበሰው ቆዳ ሸቶ ሲወልቅ በጓ ታባርረዋለች ብለን ፈርተን ነበር። አላባረረችውም። መምህሬን ባገኛቸው ይህችን እጠይቃቸው ነበር።

ልጁ ሮጦ «እምዬ» ማለት ሲጀምር የወላጅ እናቱ ርስት ክርክር ተነሣ፤ ድርሻዋም በልጁ ስም ካልሆነ አይገኝም። ያኔ አጎቱ ወንዙን ተሻገረ፣ ጭቃ ሹሙን አስከትሎ።

«ደሜ ነው» አለ።

«ወተቱስ የማን ነው?» አሉ አማቴ።

«እማማ፣ ወተት ጡት ሲጣል ያበቃል። ርስት የሚያስቆጥረው ደም ነው።»

ጭቃ ሹሙ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። አጎቱም ልጁን ከእጄ ወሰደው። ልጁ በበቅሎ ላይ ሆኖ እየዞረ እየዞረ አየኝ። ለመንገዱ ብርድ ማቀፊያውን ልደርብለት አስቤ እጄ እምቢ አለኝ።

ማቀፊያው አሁን ከሳጥኔ ውስጥ አለ። አንዳንዴ አወጣና አሸተዋለሁ። በጓ ብትሆን ትለይ ነበር። እኔ ግን ሽታው የየትኛው ልጄ እንደሆነ መለየት አቅቶኛል።