ኮምፒውተር ገዳዩ ይባረርልኝ ብዬ ፈርሜ

ዛሬ የደረሰብኝን ለጠላቴም አልመኝም ልላችሁ ነበር። ውሸት ነው፤ ለጠላቴማ እመኛለሁ!

ፊደል ብስት አትሳቁ፤ የማታ ትምህርት የገባሁት በሰላሳ ስምንት ዓመቴ ነው።

ሰበታ አንድ ቀለም ፋብሪካ ነው የምሠራው። ጥበቃ ነበርኩ። ማንበብ ስችል ንብረት ክፍል ወንበርና ኮምፒውተር ሰጡኝ። ያቺን ወንበር ላለማጣት የማላደርገው የለም።

ዘንድሮ ግን የቢሮው ኮምፒውተሮች ሀርድ ዲስክ ተራ በተራ ሞተ። የሒሳብ ክፍሉ። የሽያጩ። የእኔ ደግሞ ሁለቴ! ጠዋት ስከፍተው ቋ ቋ ቋ ይላል፣ ከዚያ ጨለማ። የመዘገብኩት ዕቃ ሁሉ ገደል ገባ።

ሥራ አስኪያጁ ኦቦ ለሚ "የሰው እጅ አለበት" አሉ።

እስቲ ፍረዱ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ማነው? ዘግይቶ ፊደል የቆጠረው ነዋ!

ስለዚህ ቀደምኳቸው።

በሕይወቴ የመጀመሪያውን ማመልከቻ ጻፍኩ። "ኮምፒውተሮቻችንን የሚያበላሸው ግለሰብ ተጣርቶ ከሥራ ይሰናበትልን።" የጠረጠርኩት ጸሐፊዋን ጫልቱን ነበር፤ ስልኳን ኮምፒውተሩ ላይ ሰክታ ቻርጅ ታደርጋለች። ስሟን አልጻፍኩም። ሳስገባ ግን በዓይኔ ገረፍ አደረግኳት።

ዛሬ ቶሌራ የሚባል ባለሙያ ከሱሉልታ መጣ። ሁላችንም ቆመን እያየነው ፈታታና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

"ከሥራ ስትወጡ ማነው የሚያጠፋቸው?"

ጫልቱ ሳቀች። "እኛ ምን ቸገረን! ጋሽ ደምሴ ሁሉንም ከዋናው ይጠረቅሙልን የለ!"

ጋሽ ደምሴ እኔ ነኝ።

ቡራዩ ጥበቃ ሳለሁ ከሶኬት የተነሳ እሳት ሱቅ ሲበላ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ኤሌክትሪክ አላምንም። ሰው ሁሉ ሲወጣ ዋናውን ብሬከር ቀጭ! በየቀኑ! ፋብሪካውን ያዳንኩ ነበር የሚመስለኝ።

ቶሌራ ግንባሩን ያዘ። "ኦቦ ደምሴ፣ ኮምፒውተሩ ሳይዘጋ መብራት ሲቆርጡበት፣ ዲስኩን እየዞረ እኮ ነው የሚያንቁት!"

እነሱስ ሳያጠፉ ጥለው መሄዳቸው? ማንም አልጠየቃቸውም!

ኦቦ ለሚ ማመልከቻዬን አውጥተው ጮክ ብለው አነበቧት። "ከሥራ ይሰናበትልን" ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩኝ።

"ጥሩ ጽሑፍ ነው። ማን ጻፈልህ?"

መውጫ በር ሰጡኝ እኮ! "የሰፈር ልጅ ጻፈልኝ፣ ምን እንዳለ አላውቅም" ብል ያልቅ ነበር።

"ራሴ ነኝ!" አልኩ። ደረቴን ነፍቼ!

"እንግዲያው ሰኞ እንወስናለን" አሉ።

ጫልቱ ስታልፍ ጆሮዬ ስር፣ "ጋሼ፣ ያን ቀን ያዩኝ ለዚህ ነበር?" አለችኝ።

እስከ ሰኞ እህል አይወርድልኝም። የተማራችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ ንገሩኝ፦ ማመልከቻን የሚሰርዝ ማመልከቻ እንዴት ነው የሚጀመረው?