የጀማሪዎች ክፍል ነባር ተማሪ

የጀማሪዎች ክፍል ሁሉ፣ የመኪና መንዳትም ይሁን የዋና ወይም የቋንቋ፣ አንድ ነባር ጀማሪ አለው። ይህ ሰው ከወንበሮቹ በፊት የመጣ ነው። የትኛው መስኮት እንደማይዘጋ፣ መብራቱ ሲንቀጠቀጥ የቱ ጋ እንደሚመታ፣ አስተማሪው ያችን አንድ ቀልዱን በየትኛው ትምህርት ላይ እንደሚያመጣት ያውቃል። ግን ጨዋ ነውና ቀድሞ አይስቅም፤ አዲሶቹን ጠብቆ አብሯቸው ይስቃል። ብዙ ቆይተሃል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁት ፊቱን እንደ አዲስ ሙሽራ ሰበር አድርጎ፣ «እኔ? እኔ ገና ነኝ» ይላችኋል።

የእኛ የልብስ ስፌት ክፍል ነባር ጀማሪ፣ ክብርት እትዬ ገና-ነኝ ነበሩ። ስሙን ያወጣነው እኛ ተማሪዎቹ ነን። እርሳቸውም ሰምተው «ከእውነተኛው ይሻላል» ብለው ተቀበሉት።

ክፍላችን ከአንድ ጫማ ቤት በላይ ነው። የስፌት መኪናዎቹ በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል፤ መሀል ላይ የመቁረጫው ረጅም ጠረጴዛ አለ፤ ግድግዳው ላይ የጉርድ ቀሚስ ዓይነቶች የተሳሉበት፣ ጫፉ የተጣጠፈ ካርቶን ተሰቅሏል። ትምህርቱ ሁልጊዜ በጠባቡ ጉርድ ተጀምሮ፣ ከታች ሰፋ የሚለውንና ሽንሽኑን አልፎ፣ ብዙ ጨርቅ በሚበላው ክሎሽ ያበቃል። መምህራችን፣ ስፒል መሰኪያውን እንደ ሰዓት እጁ ላይ አስሮ የሚውል ቀጭን ልብስ ሰፊ፣ ልዩነታቸውን በሜትርና በጠመኔ ያስረዳናል። እትዬ ገና-ነኝ ደግሞ መምህሩ ዞር ሲል በጠባያቸው ያስረዱናል። ጠባቡ ጉርድ ኩራተኛ ነው፤ ሲቀመጡበት ይከፋዋል። ሽንሽኑ ወሬኛ ነው፤ በሄዱበት ሁሉ ያንሾካሹካል። ክሎሹ ቸር ነው፤ ችግሩ ቸርነቱ በሰው ጨርቅ መሆኑ ነው። ከታች ሰፋ የሚለው ግን እንደ ጥሩ ጎረቤት ነው ይላሉ፤ ሁሉን ያያል፣ ምንም አይናገርም።

ከአራቱም ጋር የሚመጣው አስፈሪ ነገር አንድ ነው፤ የወገቡ ገበር። መምህራችን ፌሲንግ ይለዋል። በወገቡ ቅርጽ የተቆረጠ ቀጭን ጨርቅ ነው። ከጉርዱ ጋር ፊትና ፊት ተገጥሞ ይሰፋና ወደ ውስጥ ይገለበጣል፤ በደንብ ከተሠራ ማንም መኖሩን አያውቅም። ጀማሪ ሁሉ እዚህ ላይ ይሰናከላል። የጨርቁን ፊትና ጀርባ ያምታታል፣ ጥርሱን ነክሶ ይሰፋል፣ ሲገለብጠው ውስጥ መደበቅ የነበረበት ነገር ውጭ ወጥቶ ያፈጥበታል።

እዚህ ጊዜ ነው እትዬ ገና-ነኝ ከወንበራቸው የሚነሱት። ከደረት ኪሳቸው መተርተሪያቸውን ያወጣሉ። እጀታው ከመያዝ ብዛት ቀለሙ ለቋል። ስፌቱን አለፍ አለፍ እያሉ ቆረጥ ያደርጉታል፤ ከዚያ ከወዲያኛው በኩል ክሩን በጥፍራቸው ሲነኩት ተመዞ ይወጣል። ጨርቁ ላይ ቀዳዳ እንኳ አይቀርም። ያለቀሰችውን ልጅ ቀና ብለው ሳያዩ «ጨርቅ አይቀየምም» ይሏታል። ይህች ቃል በክፍላችን ከመምህሩ ትምህርት ሁሉ በላይ ተደማጭነት ነበራት።

የራሳቸውን ጉርድ ግን ጨርሰው አያውቁም። አሳምረው ይሰፋሉ፤ ገበሩ ላይ ሲደርሱ ትንሽ ራቅ አድርገው ያዩትና «አልጣመኝም» ብለው ይተረትሩታል። ጉርዱን ያልጨረሰ ፈተና አይቀርብም። ፈተና ያልቀረበ እንደገና ይመዘገባል። በዚህ ዘዴ ከመምህሩ ጋር ተከባብረው ለዓመታት ኖረዋል።

እኔ እዚያ ክፍል የገባሁት በእናቴ ምክንያት ነው። እናቴ ስትሞት ለእኔ ብላ የቆረጠችው ጉርድ ሳይሰፋ ቀረ። ከመሳቢያዋ ሳወጣው ሰማያዊው ጨርቅ በልኬ ተቆርጦ ተጣጥፎ ነበር፤ አንዱ ጎኑ ብቻ በነጭ ክር፣ በእጅ፣ ላላ ተደርጎ ተያይዟል። ዩኒቨርሲቲ ተምሬ፣ ስንት ገጽ ጽፌ፣ ሁለት ጨርቅ ማገጣጠም አልችልም ነበር። ሌላ ሰው እንዲሰፋው ደግሞ ልቤ እንቢ አለ።

ስለዚህ ጉዳይ ለማንም ሳልናገር በእናቴ ጨርቅ ተማርኩ። ገበሩ ላይ ስደርስ ደንቡን ጠብቄ ተሳሳትኩ። ስህተቴ ጠንካራ እንዲሆን ብዬ ይመስል መኪናውን ደቃቅ ስፌት ላይ አድርጌው ነበር። ገለበጥኩት፤ ገበሩ ውጭ ሆነ። እጄን መኪናው ላይ ጥዬ ተቀመጥኩ።

እትዬ ገና-ነኝ መጥተው እጃቸውን ዘረጉ። ጨርቁ ምትክ እንደሌለው ነገርኳቸው።

«ጨርቅ አይቀየምም» አሉ፤ ጀመሩትም። ከወገቡ መሀል ተነስተው ወደ ጎኑ እየተረተሩ ሄዱ። ነጩ ክር ጋ ሲደርሱ ግን ቆሙ። መነጽራቸውን ገፋ አድርገው አዩት።

«ይሄ ያንቺ እጅ አይደለም።»

«የእናቴ ነው።»

እናቴ የት እንዳለች አልጠየቁኝም። መተርተሪያውን አነሱት፣ ያንን ነጭ ክር ተሻግረው ከወዲያ በኩል ቀጠሉ። ኋላ መምህሩ ለጊዜው ማያያዣ የነበረው ልል ስፌት ሁሉ እንዲወጣ ሲያዝ፣ ቀድመውኝ «የእሷ ወጥቷል» ብለው ዋሹልኝ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለውም፣ «በውስጥ በኩል ነው፤ ማን ያየዋል?» አሉኝ።

ሥራቸውን የሰማሁት በዚያ ሰሞን ነው። በከተማው ትልቅ ሆስፒታል የአዋላጆች ኃላፊ ናቸው። እዚያ ሁሉም የሚያየው የእርሳቸውን ፊት ነው፤ ሐኪሙም፣ ምጥ የያዛትም፣ ኮሪደር ላይ የሚንቆራጠጠው ባልም። ቤታቸው ሲገቡ ደግሞ ወንድሞቻቸው በስልክ ይጠብቋቸዋል፤ መሬቱ ይሸጥ ወይ፣ ልጁ ይዳር ወይ። አንድ ቀን ደረጃውን አብረን ስንወርድ፣ ይህን ሁሉ የሚችሉ ሰው አንድ ጉርድ ለምን እንደማይጨርሱ ጠየቅኳቸው። የደረጃውን ብረት ይዘው ቆም አሉ።

«ምን መሰለሽ፣ እኔ በምሠራበት ቤት የተሳሳተ ነገር አይተረተርም» አሉኝ። ትንሽ ወርደው ደግሞ፣ «እዚህ እንኳ ገና ነኝ ልበል እንጂ።»

ከዚያ በኋላ ስሙን ጠርቼ ስቄበት አላውቅም። መጥራቱን ግን አልተውኩም፤ ይወዱታል።

ችግር የመጣው ከአዲሱ የማሠልጠኛው ኃላፊ ነው። ቦታ የሚጠብቅ ሰው ስለበዛ አዲስ ደንብ ለጠፈ። ሁሉም ተማሪ ያለቀ ጉርድ ያስረክባል። ያላስረከበ ይሰረዛል፣ ያለፈ ቦታውን ይለቃል፣ የወደቀ ብቻ እንደገና ይመዘገባል። እትዬ ገና-ነኝ ማስታወቂያውን እንደ በሽተኛ ካርድ ረጋ ብለው አነበቡት። ከዚያ ዞረው፣ ክፍላቸውን እንዳያጡ የቀራቸው አንድ መንገድ መውደቅ መሆኑን አስታወቁን።

ክፍሉ በሙሉ ለመውደቃቸው ተነሳ። አንዷ ዚፑን ዘቅዝቀው እንዲሰፉት መከረች። ሌላዋ ሽንሽኑን አንዱን ሰፊ አንዱን ጠባብ አድርጉት አለች። ሞከሩ። ዚፑን ዘቅዝቀው ያዙት፤ መኪናው ሥር ሲያስገቡት ግን እጃቸው ራሱ አቃናው። ሽንሽኑን አዛብተው አጠፉት፤ ካውያ ሊያነሱ ዞር ብለው ሲመለሱ ጣቶቻቸው ሳይታዘዙ እኩል አደረጉት። ለመሳሳት የሚቸገር ሰው ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ላብ አጠመቃቸው።

በመጨረሻ የጀማሪዎችን ታላቅ ስህተት መረጡ። ከታች ሰፋ የሚል ግራጫ ጉርድ ሰፉ። ገበሩን፣ ትናንሽ ቀይ አበባ ካለበት ጨርቅ የተቆረጠውን፣ አውቀው በተሳሳተው በኩል ገጠሙት። ሲገለበጥ ቀዩ አበባ በግራጫው ወገብ ላይ ዙሪያውን ወጣ። ስህተቱ ከበር ይታያል። እፎይ አልን።

በፈተናው ቀን መምህሩ የሁላችንንም አይቶ እርሳቸው ጋ ደረሰ። የእኔን ሰማያዊ ጉርድ አሳልፎታል፤ ከገበሩ ሥር ያለውን ነጭ ክር አይቶ እንዳላየ ሆኗል። የእርሳቸውን አነሳ። አየው። ገለበጠው። ስፌቱ በልኩ ተከርክሟል፣ የወገቡ ጥምዝ ላይ መጨማደድ የለም፣ የገበሩ የታች ጠርዝ በማይታይ እጅ ስፌት ተይዟል።

«እትዬ፣ ገበሩ ውጭ ነው» አላቸው።

«ምን ላድርግ መምህር፣ ተምታታብኝ» አሉ፤ ስለ ራሳቸው መዋሸት ያልለመዱ ሰው ድምፅ ነበር።

መምህሩ ጉርዱን አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ሳቁን እንደያዘ ያስታውቅበት ነበር። «እኔ ብዙ ስህተት አይቻለሁ» አላቸው። «ስህተት እንዲህ ተደርጎ በካውያ አይተኮስም። አልፈዋል።»

ማንም አላጨበጨበም። እትዬ ገና-ነኝ ጉርዳቸውን ታቅፈው ቆሙ፤ የሥራ ስንብት የደረሰው ሰው ይመስሉ ነበር። መተርተሪያቸውን ከኪሳቸው አውጥተው መኪናዬ ላይ አኖሩልኝና ደረጃውን ብቻቸውን ወረዱ።

እኔም አልፌያለሁ። ግን አንዲት ያለፈች ተማሪ ጉርዷ እንደማይመቻት አመልክታ ፈተናዋን ማሰረዝ ትችላለች የሚል ቀዳዳ ኋላ በደንቡ ውስጥ አገኘሁ፤ ዩኒቨርሲቲ መማሬ እዚህ ላይ ጠቀመኝ። እንደገና ተመዘገብኩ። የእናቴን ጉርድ ለብሼ፣ ደህና ሆኖ ተመችቶኝ፣ በእትዬ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አዲሶቹ ብዙ ቆይተሻል ወይ ሲሉኝ ገና ነኝ አልኳቸው።

ትምህርቱ በተጀመረ ሰሞን በሩ ተከፈተ። እትዬ ገና-ነኝ ናቸው። ለካ እንደወረዱ አልቀሩም፤ በላይኛው ፎቅ የሸሚዝ ክፍል ተመዝግበዋል። በእጃቸው አንድ ሸሚዝ ይዘዋል። ኮሌታው ተገልብጦ ተሰፍቷል፤ አንዱ ጆሮው ከሌላው ይረዝማል፤ ስፌቱ እንደ ሰካራም ይወላገዳል። ይህንን ማንም አስመስሎ ሊሠራው አይችልም። ፊታቸው በደስታ ያበራ ነበር።

«እይልኝ እስቲ፣ ምንም አላውቅም እኮ» አሉኝ።

ወንበር ሳብኩላቸው፤ መተርተሪያውን አወጣሁ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው ተቀመጡ። እነዚያ እጆች ሥራ ፈተው ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር። የመጀመሪያውን ክር ቆረጥኩ።

«ጨርቅ አይቀየምም» አልኳቸው።

«እሱን ተይውና፣» አሉኝ፣ «ክሩን አትጎትቺው፤ ከወዲያ በኩል ነው የሚመዘዘው።»