የጋሽ ያንሳል ጠመንጃ

ምንም ነገር የማይበቃው ሰው የሌለበት ሰፈር እስካሁን አልተሠራም። ሚስማር ስትመታ ካየህ «ያንሳል!» ይልሃል፤ ገመድ ስትገዛ ካገኘህም «ያንሳል!»። የዶሮ ቤቱ በር ላይ የባንክ ካዝና ቁልፍ ካልተንጠለጠለ እንቅልፍ አይወስደውም። የእኛ ሰፈሩ፣ ክቡር ጋሽ ያንሳል፣ የባሰባቸው ደግሞ በጥይት ነገር ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠመንጃ ጠጋኙ ሱቅ ይመጣሉ። እንደ ሚኒስትር ጉሮሯቸውን ጠርገው ይገባሉ፣ ያለችውን አንዲት ወንበር ይይዛሉ፣ ከዚያ ችሎቱ ይጀመራል። አንድ ምስኪን ለአጋዘን የሚሆን ሰባት ሚሊ ጠመንጃ ሊገዛ እጁን ኪሱ ሲከት፣ «ጀርባውን ልታክለት ነው ልትገድለው?» ይሉታል። ሰውዬው አፍሮ ይወጣል። ጠጋኙም በሆዱ እየረገማቸው ዘይቱን ይቀባል። ያረፈዱ ቀን ግን ዓይኑ ከበሩ አይነቀልም፤ የጫካ ወሬ የሚያመጡለት እሳቸው ነበሩ።

ዘንድሮ የጎሽ አደን ፈቃድ ወጣላቸው። ስንት ዓመት የጠበቁት! በማግስቱ አንድ ግዙፍ ጠመንጃ ተሸክመው ከች አሉ። አራት መቶ ሃምሳ ስምንት የሚሉትን ወፍራም ጥይት የሚጎርስ ነው፤ የሟች ታላቅ ወንድማቸው ነበር።

«ጋሼ፣ ለጎሽ ከዚህ አነስ የሚለው ሦስት መቶ ሰባ አምስቱ ይበቃል» አላቸው ጠጋኙ። «ቦታውን ካገኙት ይጥለዋል። ሆዱን ከመቱት ግን መድፍም አያዋጣም፤ ቆስሎ ይዞርብዎታል።»

«ያንሳል! ወንድሜ በዚህ ነው የጣለው። አንተ ከወንድሜ ትበልጣለህ?»

ጠጋኙ ፈራላቸው። ትከሻቸው እኮ ኮት መስቀያ ሆኗል፤ የዚህን ጠመንጃ ምት እንዴት ይችለዋል! ክርክር እንደማይሰሙ ስለሚያውቅ፣ ጠመንጃውን እናስተካክል በሚል ሰበብ ከተማው ዳር ወዳለው የኢላማ ሜዳ ይዟቸው ሄደ። ሁለት ጥይት ተኮሱ፤ ወረቀቱ እንደተወለደ ቀረ። ሦስተኛው ላይ ጠጋኙ ሳያዩት ባሩድ የሌለው ጥይት አጎረሰው።

ጋሽ ያንሳል ቃታውን ሳቡ። ጠመንጃው «ቀጭ» ብቻ አለ። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ያልመጣውን ምት ሸሽተው ትከሻቸውን ወደ ኋላ ወረወሩ፤ አፈሙዙም ሣር ውስጥ ገባ። ጠጋኙ እስቃለሁ ብሎ ነበር፤ ሳቁ ግን አልመጣለትም።

ጋሽ ያንሳል ጠመንጃውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ቁጭ አሉ።

«ይህን ጠመንጃ እፈራዋለሁ እኮ» አሉ። «ድሮም እፈራው ነበር። ወንድሜ ተሸክሞት ከፊት ይሄዳል፣ እኔ ጀርባውን እያየሁ እከተላለሁ። ጤዛው እያረጠበን ስንሄድ ዞር ብሎ ‹አለህ?› ይለኛል። አለሁ፣ እለዋለሁ። በቃ፣ ለእኔ አደን ማለት ይኸው ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ ጫካ ገብቼ አላውቅም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የማወራልህ ሁሉ የእሱ ወሬ ነው። ወንድሜ ናፍቆኛል። ጠመንጃውን እቤት ትቼው ብሄድ ከማን ጋር ሄድኩ ይባላል?»

ጠጋኙ የሰው ጠመንጃ ሲያጸዳ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው፤ ስንቱን አዳኝ መርቆ ሲሸኝ «አንተስ አትመጣም?» ያለው አንድም አልነበረም። ደግሞ ጉልበቱ ደረጃ ሲወጣ ይንቋቋል። ሚስቱ ብትሰማ ታብዳለች።

«እርስዎ ሦስት መቶ ሰባ አምስቱን ይያዙ፤ አብሬዎት እሄዳለሁ» አለ። ቃሉን ራሱ የሰማው ካፉ ካመለጠው በኋላ ነው።

ጋሽ ያንሳል ቀና ብለው አዩት። የወንድማቸውን ጠመንጃ በሁለት እጃቸው አንስተው አቀበሉትና ፊታቸውን አዞሩ።

«አደራ፣ ዘይት እንዳታሳጣው» አሉ። ወዲያው ደግሞ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጎህ ሳይቀድ ነው የምንነሳው! ኋላ ጉልበቴን ምናምን እንዳትለኝ!»

እየተቆጡ ከፊት ከፊት መሄድ ጀመሩ። ጠጋኙም የሟቹን ጠመንጃ ተሸክሞ፣ ደስታው ሳቅ ሳቅ እያሰኘው፣ ቀጭን ጀርባቸውን እያየ ተከተላቸው።