የቀያሹ ሐይቅና አማቴ

አማቱን አስደንቃለሁ ብሎ የተነሳ ወንድ ደህና ሆኖ ቤቱ ተመልሶ አያውቅም! ካልፈለጋችሁ አትመኑኝ... እኔ ግን ባለፈው ማክሰኞ ሞክሬ አይቼዋለሁ።

ባለቤቴ ሰሚራ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። እናቷን እማማ ዘይነባን ከኮምቦልቻ ያስመጣናቸው ስትወልድ እንዲያርሷት ነው። እሳቸው ግን እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ የሚባለው ሰፈራችን፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ወር እንኳ ሳይሞላቸው ሰለቻቸው።

«ፎቅ ስቆጥር ልኑር እንዴ? ቲኬቴን አስተካክሉልኝ፣ እሄዳለሁ!»

ሰሚራ ኩሽና ጠራችኝና፣ «ሙስጤ፣ እማዬ ከሄደች እኔ አልወልድም!» አለችኝ። እስኪ ፍረዱኝ... «አልወልድም» ይባላል? ግን ሰባተኛ ወሯ ላይ ካለች ሴት ጋር ማን ይከራከራል!

እኔ አውቶቡስ ነጂ ነኝ። አብሮኝ የሚሠራ ሰው ከከተማ ወጣ ብሎ ጫካ ውስጥ ስላለ አንድ ሐይቅ ነግሮኝ ነበር። በረዶ ሲቀልጥ ይመጣል፣ ሰመር ሲገባ፣ ሙቀቱ ሲበረታ፣ ይጠፋል። ታሪኩም ደም ያቀዘቅዛል። ማክሰኞ ኦፍ ስለነበርኩ እማማን መኪና ውስጥ አስገብቼ ነዳሁ።

«ሐይቁ ይጠፋል ነው የምትለኝ?»

«አዎ እማማ፣ ይደርቃል።»

«ልጄ፣ እሱማ ኩሬ ነው።»

«ኧረ ሐይቅ ነው!»

«ሐይቅ እኛ ጋ ያለው ነው። ስሙም ሐይቅ ነው። አንድም ቀን ተነስቶ ሄዶ አያውቅም።»

ተሸነፍኩ። ስለዚህ ታሪኩን አወጣሁ።

«በእንግሊዞች ጊዜ ነው አሉ» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። «አንድ መሬት ቀያሽ መጣና የጫካውን ነባር ሰዎች፣ ‹ይህ ሐይቅ ውሃ እስካለው ድረስ ጫካው የእናንተ ነው› ብሎ ፈረመላቸው። ሰዎቹ ውሃው ሄዶ እንደሚመለስ ስለሚያውቁ እሱም የሚያውቅ መስሏቸው ተስማሙ። እሱ ግን ሰመር ሲገባ ወታደር አስከትሎ መጣ። ‹የታለ ውሃው?› አለና አባረራቸው። ሽማግሌውም ሕፃኑም መንገድ ላይ አለቀ። በዓመቱ በረዶው ሲቀልጥ ቀያሹ የመለኪያ ሰንሰለቱን ይዞ ጫካውን ሊለካ ገባ... ውሃው ተመልሶ ይጠብቀው ኖሮ ከነሰንሰለቱ ዋጠው! ሰንሰለቱ እስከ ዛሬ ይሰማል ይባላል።»

ይፈራሉ ብዬ ስጠብቅ፣ «ደግ አደረገ ውሃው!» አሉ። ቀጥለው ደግሞ፣ «እኛም ጋ ቢሆን መሬት ሊለካ የመጣ ሰው ለደህና መጥቶ አያውቅም።»

መኪናውን ፓርክ አድርጌ ሃያ ደቂቃ ያህል በጫካው ውስጥ ተራመድን። ሐይቁ እውነትም እየሄደ ነበር። መሀል ላይ ጥቁር ውሃ ቀርቷል፣ ዙሪያውን ለምለም ሣር ለብሷል። እማማ ከንፈራቸውን አጣመሙ።

«ኩሬ ነው አላልኩህም?»

ምን አለፋችሁ፣ እልህ ያዘኝ! «ቆይ፣ ውሃው አጠገብ ልቁምና ፎቶ ያንሱኝ፣ ያኔ ትልቅነቱ ይታያል» ብዬ ስልኬን ሰጠኋቸውና ሣሩ ላይ ገባሁ። አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ... ሦስተኛው እርምጃ ተመልሶ አልመጣም። ቀኝ እግሬ እስከ ጉልበቱ ገባ። እንዲያግዘው ብዬ ግራውን ብልክ እሱም ተከተለው!

«እማማ! ያዘኝ!»

«ማን ያዘህ?»

ጭቃው ልል አፌን ስከፍት ከጫካው ውስጥ ድምፅ መጣ። ቅጭል... ቅጭል... ቅጭል... የሰንሰለት ድምፅ!

እዚህ ላይ ጀግና ነበርኩ ብዬ አልዋሻችሁም። የማውቀውን ዱዓ ሁሉ ቀላቀልኩት። እማማ ዘይነባ ግን አልሮጡም። ወፍራም እንጨት ከመሬት አነሱ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አደረጉና ጫካውን በሙሉ ድምፃቸው ገጠሙት።

«አንተ ቀያሽ! የሰው መሬት መውሰድህ አነሰህና ደግሞ የልጄን ባል ትወስዳለህ? ልቀቀው! ልቀቀው እልሃለሁ!»

ቅጠሉ ተንሿሿ። መጀመሪያ ውሻ ወጣ። ቀጥሎ የውሻውን ሰንሰለት የያዙ ጠና ያሉ ሴትዮ ወጡ። የእማማን እንጨት ሲያዩ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ።

እኔ ጭቃ ውስጥ ሆኜ በእንግሊዝኛ ይቅርታ መጠየቅ ጀመርኩ። አማቴ የሚሳደቡት እርስዎን ሳይሆን ድሮ የሞተውን ቀያሽ ነው አልኳቸው። ሴትዮዋ ግንድ ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ቆይተው ግን እንባቸውን ጠረጉ።

«የተባረሩት የእኔ ሰዎች ናቸው» አሉኝ። «ዕድሜ ልኬን እዚህ እመጣለሁ። ሰው ታሪኩን ይሰማል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ይሄዳል። ለእኛ ብሎ ቀያሹ ላይ የጮኸ ሰው ግን ዛሬ ገና አየሁ።»

ለእማማ ተረጎምኩላቸው። እንጨቱን ጣሉና ሄደው የሴትዮዋን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። አንዷ በአማርኛ፣ አንዷ በእንግሊዝኛ ያወራሉ፤ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ደግሞ ይግባባሉ! በጣም ደስ የሚል ነገር ነበር... እኔ መስጠሜን ባልቀጥል ኖሮ።

«እማማ፣ እኔስ?»

«ቆይ አንተ ደግሞ፣ ሰው እያናገርኩ ነው!»

በመጨረሻ ሴትዮዋ በጀርባዬ ጋደም እንድል ነገሩኝ፣ እማማም የነጠላቸውን ጫፍ ወረወሩልኝ፣ ሁለት እናቶችና አንድ ውሻ ተጋግዘው ጎተቱኝ። እኔ ወጣሁ። ግራ ጫማዬ ከቀያሹ ጋር ቀረ።

ስንመለስ እማማ የመኪናውን መስኮት እስከ ታች ከፈቱት። እኔም ጭቃ ጭቃ እየሸተትኩ፣ ለሰሚራ ምን ብዬ እንደምነግራት አስባለሁ። ቶርንክሊፍ ልንደርስ ስንል ስልካቸውን አውጥተው ደወሉላት።

«ሰሚራ፣ ቲኬቱን ተይው። አልሄድም።»

ደስታዬ! ወገቤን ቀና አድርጌ መሪውን እንደ ሰው ያዝኩ።

«አይ፣ ሐይቁማ ምኑም አያምር» አሉ። ከዚያ እኔ የማልሰማ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ግን እንዴት ብዬ ጥዬሽ ልሂድ ልጄ? ሣር ላይ የሚሰምጥ ሰው ነው እኮ ያገባሽው!»