አባ ካቻቢቴ ዝም ያለችውን የቡና መፍጫ እንዴት እንዳናገሩ

ለብረት ጥንካሬን፣ ለቡናም መዓዛን ለሰጠ ለአላህ ምስጋና ይሁን። ዓፊያ ከጅዳ የኤሌክትሪክ ቡና መፍጫ በላከች በሁለተኛው ዓመት፣ ቆጣሪው በተቀየረ በሰባተኛው ወር፣ ጣሪያው ማፍሰሱን በተወ በመጀመሪያው በልግ፣ ወርኁም ሸዋል ሆኖ ሊጋመስ ሲል፣ በከሚሴ ከተማ ከቦርከና ወዲህ ያለውን ግቢ ይገዙ የነበሩት ኸይረዲን ነበሩ። እርሳቸውም ሠላሳ ዓመት አይሱዙ የነዱ፣ የጨፋን ጭቃ ያለ ገፊ የተሻገሩ፣ በአንድ ጉዞ ሦስት ጎማ ፈንድቶባቸው የሰንበቴ ገበያ ሳይበተን የደረሱ፣ ቡናን ያለ ጨው ቀምሰው የማያውቁ ሰው ናቸው፤ ካቻቢቴ ከደረት ኪሳቸው ተለይቶ አያውቅምና የፈረስ ስማቸው አባ ካቻቢቴ ተባለ።

መፍጫዋም ለጌጥ አልመጣችም። የግቢው እመቤት ሀዲጃ ቀኝ ትከሻቸውን ታመው፣ ዘነዘና ባነሡ ቁጥር ሲያቃስቱ ያድሩ ነበርና፣ ልጃቸው ዓፊያ ይህን በስልክ ሰምታ አለቀሰች፤ አልቅሳም አልቀረች፣ ገዝታ ላከች። ከዚያ ወዲህ ሙቀጫው ከማዕድ ቤት ጥግ ተጥሎ አቧራ ይጠጣ ነበር።

ከዕለታት በአንዱ ማክሰኞ፣ ዙሁር ከተሰገደ በኋላ፣ ሀዲጃ የተቆላውን ቡና ጨምረው ክዳኑን ቢጫኑት መፍጫዋ ዝም አለች። ደግመው ቢጫኑት ዝም። በመዳፋቸው መታ ቢያደርጓት እንደ ተቀሰቀሰ ሽማግሌ አንድ ጊዜ ተላወሰችና ተመልሳ ተኛች። ስለዚህ ሙቀጫው ከስደቱ ተመለሰ፤ ሀዲጃም ቡናውን ወቀጡ፤ ወቅጠውም ሲጨርሱ በግራ እጃቸው ቀኝ ትከሻቸውን ያዙ። ይህን ባዩ ጊዜ የአባ ካቻቢቴ ልብ ተቃጠለ፤ ልብ ሲቃጠል ደግሞ አዋጅ ይቀድማል፣ ምርመራ ይከተላል። ቡናው ቀርቦ ጎረቤት በተሰበሰበበት፣ ሁለተኛው ስኒ በተቀዳ ጊዜ ተነሥተው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«ስማ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የልጄን የዓፊያን መፍጫ ያበላሸ እጅ፣ የማንም እጅ ይሁን፣ ወላሂ እስከ አረፋ ድረስ የዚህን ቤት ቡና በሙቀጫ ይወቅጣታል! ወዳጅ ነው አልልም፣ ጎረቤት ነው አልልም!»

መፍጫዋን በዋዜማው ተውሳ የመለሰችው ጎረቤታቸው ፋጡሜ ነበረች። ስለዚህ ጎረቤት የሚለው ቃል በተነሣ ጊዜ፣ ማንም ሳያዝዘው የሰው ዐይን ሁሉ ወደ እርሷ ዞረ። ፋጡሜም ስኒዋን ደፍታ፣ ሻርፗን አስተካክላ፣ በረካውን ሳትጠብቅ ወጣች። በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ጉርብትና ከሦስተኛው ስኒ በፊት የወጣችው አንድ ጊዜ፣ ያውም ምጥ ይዟት ነበር። የሀዲጃ ፊት ጠቆረ፤ የተደፋውንም ስኒ ሳያነሡት አደሩ።

በማግስቱ ዘመቻ ሆነ። በቀኝ ልብስ ሰፊው ዘይኑ የስልኩን መብራት አብርቶ ቆመ፤ በግራ በድሩ፣ ሬድዮ ጠግኖ ሁለት ብሎን የተረፈው፣ ፒንሳ ጨብጦ ተሰለፈ፤ በደጀንም ሀዲጃ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ይህን የምንጽፍ እኛም ከሙቀጫው ቡና የመፍጫዋ ይስማማናልና ከሠራዊቱ አልተለየንም።

አባ ካቻቢቴ አስቀድመው ሶኬቱን ከበቡ። ቴስተር ቢሰኩበት ቀይ በራ፤ መብራቱን ለመውቀስ የተሰናዳው ንግግር ሁሉ ባከነ። ቀጥለው ስፒናዋን ፈትተው ፊውዟን ከካውያው ፊውዝ ጋር ቢለዋውጡ፣ ካውያው በመፍጫዋ ፊውዝ ጋለ፣ መፍጫዋ ግን በካውያው ፊውዝ አልተነሣችም። በድሩ ይህን አይቶ ሞተሩ ተቃጥሏል ብሎ ፈረደ። የተቃጠለ ሞተር ግን በሽታው ይታወቃልና፣ አባ ካቻቢቴ አፍንጫቸውን አስጠግተው ቢያሸቱ ቡና ቡና እንጂ ሌላ አልሸተታቸውም፤ የበድሩም ፍርድ በይግባኝ ተሻረ።

ከዚህ በኋላ ስፒናዋን ነቅለው፣ ቢስሚላህ ብለው ሆዷን ሊከፍቱ ተነሡ። ሁለቱ ብሎኖች ወዲያው እጃቸውን ሰጡ፤ ሦስተኛው ግን ከጎማ እግሯ ሥር መሽጎ ግማሽ ሰዓት ተዋጋ፤ በተያዘም ጊዜ ሠራዊቱ በአንድ ድምፅ አላሁ አክበር አለ። በውስጧም ከጥፍር የማትበልጥ ስዊች ተገኘች፤ ክዳኑ ሲጫናት መብራቱን ወደ ሞተሩ የምታሳልፍ የበር ጠባቂ እርሷ ናት። በብረቷም ላይ ነጭ ነገር ጋግሮባት ነበር። ዘይኑ ሻጋታ ነው አለ፤ በድሩ ከፋብሪካው የመጣ ቀለም ነው አለ። አባ ካቻቢቴ ግን በጣታቸው ጫፍ ነክተው ቀመሱት።

ጨው ነበር።

ያን ጊዜ የሻዕባን ወር ትዝ አላቸው። ሀዲጃ እህታቸውን ሊጠይቁ ጨፋ ሮቢት ሄደው ሳለ፣ እርሳቸው ከሰንበቴ ከአፋር ነጋዴ የገዙትን የጨው ድንጋይ መውቀጥ ሰልችቷቸው በመፍጫዋ ፈጭተው፣ በሽርጣቸው ጫፍ ጠርገው፣ ማንም ሳያይ ወደ ቦታዋ መልሰዋት ነበር። እርሳቸው ረሱት፤ ጨው ግን የበልጉን እርጥበት እየጠጣ ስዊቿን ቀስ በቀስ በላት። ያቺን ነጭ ነገር ጠርጎ ሻጋታ ነው ማለት ይቻል ነበር፤ ዘይኑም ምስክር ይሆን ነበር። ነገር ግን የፋጡሜ ስኒ እንደ ተደፋ በዐይናቸው መጣ፤ አፈሩም፣ እስከ ጆሯቸው ድረስ አፈሩ።

እጃቸውን ግን ከሥራ አልከለከሉም። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በአልኮል ስዊቿን ፈትገው፣ በፀሐይ አድርቀው፣ በድሩ እያየ አንድም ብሎን ሳያተርፉ ገጥመው፣ ክዳኑን ቢጫኑት መፍጫዋ ሰፈሩን እስክታስደነግጥ ጮኸች። ሠራዊቱ ሲያጨበጭብ አባ ካቻቢቴ ፈገግ እንኳ ሳይሉ ወደ ፋጡሜ አጥር ሄደው ሁለተኛውን አዋጅ አወጁ፦

«ስሙኝ! የትናንቱ አዋጅ አልተሻረም! መፍጫዋን ያበላሸው እጅ ተገኝቷል፤ ይኸው፣ የኔው ነው። ጨው ፈጭቼባት ነው። ፋጡሜ እህቴ፣ ለአላህ ብለሽ አፉ በይኝ! እስከ አረፋ የምወቅጠው እኔ ነኝ!»

ሀዲጃም ከደጃፋቸው ሆነው አዋጁን በአዋጅ አሻሻሉ፦

«መፍጫዋ እየሠራች ቡና አይወቀጥም! ጨዉን ግን፣ የኛንም የፋጡሜንም፣ አባ ዓፊያ ደጅ ተቀምጦ እስከ አረፋ ይወቅጣል፤ ሰው እያየው!»

ከአጥሩ ማዶም ሦስተኛው አዋጅ ተሰማ፦

«ገለቶሚ ሀዲጃ፣ አመሰግንሻለሁ! እኔም አፉ ብያለሁ። ግን ይታወቅ፣ የትናንቷ በረካዬ አልተጠጣችም!»

የተደፋው ስኒም ቀና፤ በረካውም ከሁሉ አስቀድሞ ለፋጡሜ ተቀዳ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የዐስር ሰላት ሰግዶ የሚመለሰው ሕዝብ እያያቸው፣ አባ ካቻቢቴ ከደጃቸው ተቀምጠው ጨው ይወቅጣሉ፤ የፈረስ ስማቸውም ተለውጦ አባ ዘነዘና ተባለ። የወቀጡት ጨው ደቀቀ ብለን አንጽፍም፣ ታሪክ ጸሐፊ አይዋሽምና። ነገር ግን አዋጅ ያወጀ ብዙ ነው፤ አዋጁ ዞሮ የገዛ ደጁን ሲያንኳኳ በሩን የከፈተ ግን እኚህን ሰው ብቻ አየን። አላህ ዕድሜያቸውን ያርዝም፣ ትከሻቸውንም ያጽና፤ ለአረፋ ገና ሃምሳ ሦስት ቀን ይቀራልና።